ጂምናስቲክ አልሠራም፤ ሰዓቴም 51 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመሳተፍ ስለሚዘጋጁ አማተር ሯጮች ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አንባቢዎቻችሁ እንዳነበቡት ስለማምን ይዘቱን መልሼ አልተርክም። የምጽፈው ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ለጎጃም ስለተረፈችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። «በደብረ ማርቆስ ያገኘናት የፍርድ ቤት ሠራተኛም ለጤናዋ ስትል ትሮጣለች፤ ሩጫ በማይመቻት ቀንም ጂምናስቲክ ትሠራለች» ይላል ዘጋቢያችሁ። ያቺ የፍርድ ቤት ሠራተኛ እኔ ነኝ። ለጤናዬ ስል እሮጣለሁ ብዬ አልተናገርሁም። ጂምናስቲክም በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

ወንድሜ ዘጋቢው ከመሥሪያ ቤታችን አጥር ማዶ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጦ አርባ ደቂቃ ያህል አነጋግሮኛል። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የጠየቀኝን ሁሉ ሳልሰለች መለስሁለት። የልምምድ ደብተሬንም ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት። ሽፋኑ በዝናብ የተጨማደደ፣ በየመስመሩ ቀኑ፣ ርቀቱና ሰዓቱ፣ የጾም ቀን ከሆነም «ጾም» የሚል ቃል የተጻፈበት ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። ሁለት ገጽ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ሄደ። እነዚያ በቁጥር የተሞሉ ሁለት ገጾች እንዴት አድርገው «ለጤናዋ» ወደሚል አንድ ቃል እንደተለወጡ ደጋግሜ ባስበውም ሊገባኝ አልቻለም።

እኔ በሥራዬ ሰዎች የሰጡት ቃል የሚሰፍርበትን መዝገብ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ምስክር «አላየሁም» ያለው «አየሁ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ጸሓፊው ቸኩሎ ነበር፣ ገጹም ጠባብ ነበር ማለት ማንንም አያድንም። ጋዜጣ ከመዝገብ በምን ያንሳል? መዝገቡን እንዲያውም የሚያየው ዳኛውና ባለጉዳዩ ብቻ ነው፤ የእናንተን ዓረፍተ ነገር ግን መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ከጥበቃው እስከ ኃላፊው ድረስ አንብቦታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮሪደሩ ሳልፍ እጁን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዘ «ጂምናስቲክ እንዴት ነው?» የሚለኝ ሰው አላጣሁም።

አሁን የተናገርሁትን በትክክል ላስቀምጥ። አምና በዚሁ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር የገባሁበት ሰዓት 51 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው፤ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ5 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሮጥሁ ማለት ነው። የዘንድሮ ግቤ 48 ደቂቃ ሲሆን ይህም ለአንድ ኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ላይ 20 ሰከንድ መቀነስ አለብኝ። ለሚያነብ ሰው ትንሽ ትመስላለች፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ በሚገኝ ከተማ፣ በ36 ዓመቱ፣ ከሥራ በፊት በጨለማ ለሚሮጥ ሰው ግን የአንድ ዓመት ድካም ናት። ማክሰኞ ስድስት ጊዜ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ እሮጥና በየመሀሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ አርፋለሁ። ሐሙስ ዳገት እሠራለሁ። ቅዳሜ ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ደርሶ መልስ 16 ኪሎ ሜትር፣ ሰኞ ደግሞ ቀለል ያለ ሩጫ አለኝ። ረቡዕና ዓርብ ስለምጾም እግሬን አሳርፋለሁ፤ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ቀን ነው። ባለፈው ክረምት ጉልበቴን አሞኝ ሦስት ሳምንት ስቆም፣ የሄድሁበት ሕክምና ቤት ያገኘሁት ባለሙያ እግሬን እንኳ ሳይነካ «ምን አስቸገረሽ፣ ተይው» ብሎ ሸኝቶኛል። ያን ቀን የተሰማኝ ነገር ያንን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ተመልሶ መጣብኝ። ሁለቱም የምፈልገውን ሳይሰሙ ለእኔ ወሰኑልኝ።

ለጤናው የሚሮጥ ሰው ክብር ይገባዋል፤ ይህን ከልቤ እላለሁ። ነገር ግን ለጤናው የሚሮጥ ሰው ሰዓት አይቆጥርም፣ በሁለት ሰከንድ ምክንያት እንቅልፍ አያጣም። ዘጋቢያችሁ የአዲስ አበባዎቹን ሯጮች የእያንዳንዳቸውን ሰዓትና ግብ በዝርዝር ጽፏል። ባለ 55 ደቂቃውም፣ ባለ 62 ደቂቃዋም ግባቸው ተከብሮ ወጥቶላቸዋል፤ ሊከበርም ይገባል። አባይን ሲሻገሩ ግብ የሚባለው ነገር የት ወድቆ ይቀራል? እኛ ማርቆሶች በየቅዳሜው አሥራ አንድ ሆነን እንሮጣለን፤ ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ሴቶች ናቸው፤ ሁላችንም ደብተር አለን። በዘገባችሁ ውስጥ እነዚህ ሰዎች የሉም።

ወደ ጂምናስቲክ ልመለስ፤ የበለጠ ያመመኝ እሱ ነውና። ይህ ቃል በእኛ አማርኛ ውስጥ ሁለት ትርጉም ይዞ እንደሚኖር አውቃለሁ። አንደኛው በልጅነታችን በትምህርት ቤት ሜዳ ተሰልፈን እጅ እያነሣን እያወረድን የምንሠራው ሰውነት ማፍታቻ ነው። ሁለተኛው ግን በኦሊምፒክ ከአትሌቲክስ እኩል ዓለም ቁጭ ብሎ የሚያየው ውድድር ነው። ለዘጋቢው የነገርሁት ስለዚህኛው ነበር፤ «እከታተላለሁ» አልሁት እንጂ «እሠራለሁ» አላልሁም። ሴቶቹ የሚወዳደሩባቸውን አራቱን መሣሪያዎች ሳይቀር ዘርዝሬለታለሁ። 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ባለው፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ አግዳሚ ላይ ልጅቷ በአየር ተገልብጣ መልሳ በእግሯ ስትቆም ትንፋሼ እንደሚቆም ነግሬዋለሁ። ይህን «ሩጫ በማይመቻት ቀን ትሠራለች» ብሎ መጻፍ፣ ኳስ የሚወድ ሰው እሑድ እሑድ በግብ ጠባቂነት ይጫወታል ብሎ እንደ መጻፍ ነው።

ይህ ፍቅር ከየት እንደመጣም ጠይቆኝ ነበር። ያደግሁት ገጠር ነው። ጤፉ ተወቅቶ እህሉ ከተነሣ በኋላ አውድማው ዳር የሚቀረው የጭድ ክምር የእኛ የልጆች መጫወቻ ነበር። ከላይ እየተንደረደርን እንገለባበጣለን፤ ጭዱ አንገታችን ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሲያሳክከን ያድራል፤ እናቴም ቀሚሴን እያራገፈች ትቆጣኛለች። በመስከረም 1993 ዓ.ም የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ አክስቴ ዘንድ ከተማ ሄጄ የሲድኒ ኦሊምፒክን በጎረቤት ቴሌቪዥን አየሁ። ሰው ሁሉ የኃይሌን ሩጫ ሲጠብቅ እኔ ከዚያ በፊት በታየው አጭር ምስል ላይ በጭድ ክምር ላይ የምናደርገውን ነገር ያለ ጭድ የሚያደርጉ ልጆችን አይቼ ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሩጫውና ጂምናስቲኩ በእኔ ዘንድ ተለያይተው አያውቁም።

የሚያገናኛቸውን ነገርም ለዘጋቢው አስረድቻለሁ፤ እሱም «አንድ ዐሥረኛ» ነው። በጂምናስቲክ ዳኞቹ ልጅቷ ስታርፍ እግሯ በጥቂቱ እንኳ ፈቀቅ ካለ 0.10 ነጥብ ይቀንሱባታል፤ ከመሣሪያው ከወደቀች አንድ ሙሉ ነጥብ ይሄድባታል። በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። በ2001 ዓ.ም በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና የደብረ ማርቆሷ መሰለች መልካሙ በዚያው ርቀት ወርቁን ለኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ ያጣችው በ0.10 ሰከንድ ሲሆን፣ ሦስተኛ የወጣችውም ውዴ አያሌው የጎጃም ልጅ ናት። የብሩና የነሐሱ ሜዳልያ በአንድ ምሽት ጎጃም የገባበት ዕለት ነው። መሰለች በመጨረሻዋ እርምጃ ያጣችው ጊዜ፣ አንዲት ጂምናስት ስታርፍ አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ በማለቷ ከምታጣው ነጥብ ጋር በቁጥር እኩል ነው። እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ በጨለማ ስሮጥ በስድስተኛው ኪሎ ሜትር መጨረሻ ሰውነቴ «ተዪው» ሲለኝ የማስበው ይህንን ነው። ይህን ያህል የተነገረው ሰው «ለጤናዋ» ብሎ የሚጽፍ ከሆነ፣ አርባው ደቂቃ ለምን አስፈለገ?

ጂምናስቲክ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ነው፣ የክፍለ ሀገር ሰው ስለ እሱ ምን ያውቃል የሚል ሐሳብ ከዓረፍተ ነገሩ በስተ ጀርባ ካለም አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም በፓሪስ ኦሊምፒክ የአልጄሪያዋ ካይሊያ ኔሙር፣ የ17 ዓመት ልጅ፣ ከፍና ዝቅ ብለው በተተከሉት ሁለት ዘንጎች ላይ 15.700 አስመዝግባ ወርቅ ወሰደች፤ አፍሪካ በኦሊምፒክ ጂምናስቲክ ያገኘችው የመጀመሪያው ሜዳልያ ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። በሰፈራችን ኳስ የሚታይበት ቤት ገብቼ ባለቤቱን ለመንሁት፤ ተጠቃሚ ስላልነበረ እሺ ብሎ ከፈተልኝ። ልጅቷ ዘንጉን ለቅቃ በአየር ላይ ስትዞር፣ መልሳ ስትይዝ፣ በመጨረሻም ፍራሹ ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም ያ ሰው የያዘውን የሚሪንዳ ሣጥን መሬት አስቀምጦ ቆሞ ያይ ነበር። «የማን አገር ናት?» አለኝ። «አልጄሪያ» አልሁት። «የእኛው ናታ!» አለ። ጂምናስቲክን ለመውደድ ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ ዕውቀት የለም፤ እሱም ደብረ ማርቆስ ውስጥ አለ።

ስሕተት የማይሠራ ሰው የለም፤ በኦሊምፒክም ተሠርቷል። በዚያው በሲድኒ በሴቶች የግል አጠቃላይ ውድድር የመዝለያው መሣሪያ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ተደርጎ ተተክሎ ነበር። ልጆቹ እየተንደረደሩ መጥተው ሲወድቁ ጥፋቱ የእነሱ መሰለ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ከፍታው ልክ እንዳልሆነ ባትናገር ኖሮ እንደዚያው ይቀር ነበር። ሲለካ ስሕተቱ ተገኘ፤ መሣሪያው ተስተካከለ፤ በዝቅተኛው ላይ የዘለሉትም እንደገና መዝለል ትችላላችሁ ተባሉ። ለአንዳንዶቹ መድረሱ የረፈደ ቢሆንም የተለካው ነገር ልክ አለመሆኑ ግን በአደባባይ ተነገረ። ከእናንተም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ለጋዜጣው ስልክ ሁለት ጊዜ ደውዬ «ይህ እኮ ቀላል ነገር ነው» ተብያለሁ። ለደወለችው ሰው ቀላል አይደለም።

ዘጋቢው ተመልሶ መምጣት ቢፈልግ ቅዳሜ ከንጋቱ 11፡30 ላይ ከከተማው መውጫ እንገናኛለን፤ አሥራ አንዳችንም እንኖራለን። እስከዚያው ግን ለቀጣዩ እትም ማረሚያው በዚህ መልክ እንዲወጣልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦

«ባለፈው እትም በደብረ ማርቆስ ስላነጋገርናት የፍርድ ቤት ሠራተኛ የጻፍነው ስሕተት ነው። ሯጯ በ10 ኪሎ ሜትር 51 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያላት ሲሆን ግቧ 48 ደቂቃ ነው። ጂምናስቲክ አትሠራም፤ የጂምናስቲክ ውድድሮችን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ትከታተላለች።»

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም