ስልክ ስትገመግሙ ዕድሜውንም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ስልክ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) ቫይረስ አይነካውም፣ አይፎን አይጠለፍም» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አይዋጥልኝም። እ.ኤ.አ. በ2012 ፍላሽባክ የተባለው ቫይረስ ከ600 ሺህ በላይ ማኮችን በክሏል። በ2021 ደግሞ ፔጋሰስ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ በመልእክት በኩል አይፎን ውስጥ ሲገባ ተደርሶበታል። አፕል ቀዳዳውን የደፈነው ከዚያ በኋላ ነው።

እርግጥ እንዲህ ያለው ጥቃት ውድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያነጣጥረው ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ላይ ነው። ተራውን ሰው ጉድ የሚሠራው አፕዴት አለማድረግ ነው። በ2017 ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማስተካከያ ከለቀቀ ሁለት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ስንቱ «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን እየተጫነ እንዳለፈው እንጃ!

አንድሮይድ የያዛችሁ እስቲ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና የመጨረሻውን የደህንነት አፕዴት ቀን እዩ። ዓመት ካለፈው፣ ስልኩ አዲስ ቢመስልም በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ችግሩ ደግሞ ምንም ምልክት አለመኖሩ ነው። ለምሳሌ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ፣ ማለትም መደበኛው የደህንነት አፕዴት፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ይሠራል።

ስለዚህ አዲስ ስልክ ስትገመግሙ አምራቹ ለስንት ዓመት የደህንነት አፕዴት ለመስጠት ቃል እንደገባ ጻፉልን። የካሜራውን ሜጋፒክስልማ ጠግበናል።

አንባቢያችሁ