የሙፋሳን ሞት አትዝለሉባቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ልጆች ላሏቸው አንባቢዎቻችሁ ነው። "ላየን ኪንግ" የተባለውን የካርቱን ፊልም ለልጆቻችሁ ስትከፍቱ፣ የትንሹ አንበሳ የሲምባ አባት፣ ንጉሡ ሙፋሳ፣ የሚሞትበት ቦታ ሲደርስ እባካችሁ ሪሞቱን አታንሱ። በብዙ ሰው ቤት አይቻለሁ፤ ልጁ እንዳይደነግጥ ተብሎ ያ ክፍል ይዘለልና በቀጥታ ወደ አስቂኞቹ የሲምባ ጓደኞች፣ ወደ ቲሞንና ፑምባ ይኬዳል። ልጁ ይስቃል። ግን ሲምባ ለምን ከቤቱ እንደጠፋ፣ ካደገ በኋላም መመለስ ለምን እንደፈራ በምን ያውቃል?

ፊልሙ የወጣው በፈረንጆቹ 1994 ነው። ይኸው 30 ዓመት አለፈው፣ ያኔ ልጅ የነበርን ሰዎች ዛሬ ለልጆች እናሳየዋለን። ለምን እንደተወደደ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ዘፈኑ ነው። እውነት ነው፣ ፀሐይዋ ስትወጣ በዙሉ ቋንቋ የሚጣራው የደቡብ አፍሪካዊው ዘፋኝ የሌቦ ኤም ድምፅ ዛሬም ሰውነቴን ይነዝረኛል፤ የሃንስ ዚመር ሙዚቃም ኦስካር ተሸልሟል። ለእኔ ግን ፊልሙን ያቆየው ሙፋሳ የሚሞትበት ያ ገደል ነው።

እስቲ አስተውሉት። የዊልደቢስት (ቀንዳም የዱር እንስሳት) መንጋው ገደሉን ሞልቶ የሚግተለተልበት ትዕይንት ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያዎቹን ግን ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በኋላ አቧራ ብቻ ይቀራል። ሲምባ አባቱን በጭንቅላቱ ይገፋዋል፣ ጆሮውን ይጎትተዋል፣ እንነሳና ወደ ቤት እንሂድ ይለዋል። አልነሳ ሲለው ክንዱ ስር ገብቶ ይተኛል። ለልጆች በተሠራ ፊልም ይህንን ሳይሸፋፍኑ ማሳየት ድፍረት ይጠይቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ከሞቱም ይብሳል። የሲምባ አጎት ስካር፣ ገዳዩ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ ጥፋቱ ያንተ ነው ብሎ ያሳምነውና ጥፋ፣ እንዳትመለስ ይለዋል። ልጅ እኮ እንዲህ ነው የሚያስበው፤ ቤት ውስጥ ክፉ ነገር ሲደርስ "እኔ ባላስቸግር ኖሮ" ይላል፣ ለማንም ግን አይናገርም። እኛ አገር መርዶ በማለዳ ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ያለቅሳል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ልጆቹን ግን ብዙ ጊዜ ሰው ቤት እንልካቸዋለን፣ "አባባ ውጭ አገር ሄዷል" እንላቸዋለን። ሲምባም ለቅሶ ያልተቀመጠ ልጅ ነው። አብሮት ያለቀሰ የለም። "ሃኩና ማታታ" (አትጨነቅ) እየዘፈነ አደገ፤ ዘፈኑ ደስ ይላል፣ ሐዘኑን ግን አላወጣለትም። ሽማግሌው ዝንጀሮ ራፊኪ ውሃው ዳር ወስዶ የአባቱን መልክ እስኪያሳየው ድረስ ነገሩ ከነሕመሙ ውስጡ ነበር።

"ልጁ ይፈራል" ለምትሉ፣ አዎ፣ ሊያለቅስ ይችላል። እቅፍ አድርጋችሁት አብራችሁ እዩ። "አይነሳም?" ብሎ ከጠየቀ "አይነሳም፣ ሞቷል" በሉት። የእህቴ ልጅ ስትጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ነው የመለስኩላት። ትንሽ አለቀሰችና ስለ አያቷ ትጠይቀኝ ጀመር። አያቷ ካረፉ ቆይተዋል፤ እሷ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለሳቸው እንደምታስብ ከቤተሰቡ ያወቀ ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2019 እንደ አዲስ የተሠራው ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ልጅ ግን እሱን አትምረጡለት። እንስሶቹ የእውነት አንበሳ ይመስላሉ፣ ፊታቸው ግን አይናገርም። በ2024 ያረፈው ጄምስ ኧርል ጆንስ በሁለቱም ላይ የሙፋሳ ድምፅ ነው፣ ስለዚህ ችግሩ ከድምፁ አይደለም። በእጅ የተሳለው ሲምባ ቅንድቡ ሲወርድ፣ ጆሮው ሲተኛ፣ ዓይኑ እንባ ሲሞላ፣ ማንበብ ያልጀመረ ልጅ እንኳን ምን እንደተሰማው ይገባዋል። የ1994ቱን ፈልጋችሁ ክፈቱላቸው፣ ሳትቆርጡ።

አክባሪያችሁ፣
ከአዲስ አበባ