ሶዳውን ከሃይላንድ ውስጥ አውጣ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከአንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ለደብዳቤ ወግ ያህል ጻፍሁት እንጂ ደህና አይደለሁም። እህትህ ባሕር ዳር አንተ ዘንድ ደርሳ ከተመለሰች ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ልታሳብቅብህ ብላ አይደለም የነገረችኝ። እንዲያውም እያመሰገነችህ ነበር። «እማዬ፣ ሳሙናው ልክ እንደ ሱቅ ነው፤ በወረቀት ጠቅልሎ ስም ሁሉ ጽፎበታል» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ቡና እያፈላሁ እሰማታለሁ። ከዚያ «ለሳሙናው ከበጠበጠው የተረፈውን የኮስቲክ ሶዳ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ በሩ ሥር አስቀምጦታል፤ ጠምቶኝ ላነሣው ስል ጮኸብኝ» ብላ ሳቀች። ሳቀች እኮ! እኔ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ቡናው ገነፈለ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሶዳውን ከሃይላንድ ውስጥ አውጣ። ደብዳቤውን ሳትጨርስ ተነሥ። ጓንትህን አድርግ፣ መነጽርህን አድርግ፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ ቅዳና በላዩ ላይ ቀስ እያልህ እየጨመርህ አቅጥነው፤ ከዚያ በፍሳሹ ድፋው። ጠርሙሱን ደጋግመህ እጠበውና በቢላ ለሁለት ክፈለው። ደህናውን ከጣልኸው ቆራሌው ያነሣዋል፣ ወይም አከራይህ ዘይት ልትገዛበት ትወስደዋለች። የአከራይህ ልጅ 3 ዓመት ተኩል ይሆናታል አለችኝ እህትህ። በባዶ እግሯ ግቢውን ስትዞረው ትውላለች አሉ።

ደፋኸው? እሺ፣ አሁን ተቀመጥ።

አንተ በኬሚስትሪ የተመረቅህ ነህ። ሶዳውን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ትለዋለህ፤ እኛ ኮስቲክ ነው የምንለው። ሥራ ሲጠፋ እጅህን አጣጥፈህ አለመቀመጥህ አኩርቶኛል፤ ይህን ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። ግን የላክህልኝን ሳሙና አየሁት። ልንገርህ? ቢጫ ነጠብጣብ አውጥቷል፣ ሽታውም ተለውጧል። በኑግ ዘይት ብቻ ነው የሠራኸው አይደል? የኑግ ዘይት ለወጥ እንጂ ብቻውን ለሳሙና አይሆንም፤ ሳሙናው ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይበላሻል። አያትህ በሞራ ነበር የምትሠራው። አንዷ ደንበኛህ «በጾም በሞራ ልታጠብ?» አለች ብላ እህትህ ስትነግረኝ ስቄአለሁ። ለእሷ በዘይት ሥራላት፣ ለሌላው በሞራ ሥራ።

ሞራውን አድቅቀህ ከትፈህ ከውሃና ከጨው ጋር አፍላው። አጥልለህ አሳድረው። ጠዋት ላዩ ላይ እንደ ቂጣ ረግቶ ታገኘዋለህ። አንሣውና ገልብጠው፤ ከሥሩ የተለጠፈውን ቡናማ አተላ በቢላ ፋቀው። እንደገና አፍላው። አያትህ ሦስቴ ነበር የምትደጋግመው፤ በሦስተኛው እንደ ወተት ይነጣል፣ ስትቆርጠው እንደ ሻማ ጧ ይላል። ሳይነጥር የተሠራ ሳሙና ሥጋ ቤት ሥጋ ቤት ይሸታል፤ ሽቶ ብታፈስበትም አይለቅም።

ለ1 ኪሎ የነጠረ ሞራ 133 ግራም ኮስቲክና 330 ግራም ያህል ውሃ። ይህን እኔ በእጄ ነበር የማውቀው፤ በግራም ያሰላልኝ ሰፈራችን ያለው መምህር ነው። ለሞራው ሁሉ የሚበቃው 140 ግራም ነው፤ አምስት በመቶ ቀንሰህ ስትሠራ ትንሽ ስብ ሳይለወጥ ይቀርና ሳሙናው ቆዳ አያደርቅም። ለሌላ ዘይት ሒሳቡ ሌላ ነው። በኩባያ አትስፈር፣ በሚዛን ነው። ኮስቲኩ ተከፍቶ ካደረ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ይረጥባል፣ ይደክማል፤ ያኔ ሚዛኑም ይዋሽሃል። ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይጨመርም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሳይጣድ 80 እና 90 ዲግሪ ይደርሳል፤ ገልብጠህ ከጨመርኸው ይፈናጠርብሃል። አሉሚኒየም ድስት አታስጠጋው፤ ድስቱን ይበላዋል፣ እሳት የሚይዝ ጋዝም ያወጣል። እጅህን ከነካህ ኮምጣጤ ፍለጋ አትሩጥ፤ 20 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ እጠበው።

የሚበቃህን ያህል ብቻ በጥብጥ። የተበጠበጠ ሶዳ አይቀመጥም። በሃይላንድ ደግሞ ጭራሽ።

ሲማሰል መድረሱን የምታውቀው ማማሰያውን አንሥተህ ስታንጠባጥብ ነው። ጠብታው ወዲያው ካልሰመጠ፣ እንደ ገንፎ ላይ ቅቤ ፈለጉን ጥሎ ካለፈ ደርሷል። አያትህ እዚህች ላይ ማንንም አታናግርም ነበር። ታቦት ያለፈ ይመስል ፀጥ ትል ነበር።

ሳሙናው ላይ የጨመርኸው ጦስኝ ለምን ቡናማ ሆነ ብለህ እህትህን ጠይቀሃታል። ሶዳው ነው፤ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ አይቀርለትም። እርድ ስትጨምርም መጀመሪያ ደም ይመስላል፣ አትደንግጥ። ማሸጊያው ላይ ግን «ብጉር ያጠፋል» ብለህ ጽፈሃል፤ እሱን ፋቀው። ሳሙና ነው የሠራኸው እንጂ ጠበል አይደለም።

ልብስማ ድሮ በእንዶድ ነበር የሚታጠበው። ዛሬም ነጠላዋን በእንዶድ እንጂ በሳሙና የማታጥብ ጎረቤት አለችን። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይቶ ነው ቀንድ አውጣ ለሚያስተላልፈው ለቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያ ይሆናል ያለው። በራዲዮ ሲወራ ሰምቼ አያትህን አስታወስኋት። እንዶድም ቢጠጣ መርዝ ነው። ግን እንዶድን በውሃ ጠርሙስ ሞልቶ በር ሥር የሚያስቀምጥ ሰው አላየሁም።

እየዞርሁ ነው አይደል? ታውቀኛለህ፤ የከበደኝን ነገር ስሸሽ ወሬ አበዛለሁ።

አጎትህ ለምን ሥጋ እንደማይበላ ታውቃለህ? «ጨጓራ ነው» ብለን ነው ያሳደግናችሁ። በፋሲካ ሌላው ብልት ሲያወጣ እሱ እንጀራውን በመረቁ አርሶ አርሶ እንደ አጥሚት ሲጠጣው አይተሃል። ድምፁም እንደዚያ ሻካራ የሆነው በተፈጥሮው አይደለም። አንተ ልጅ ሳለህ ድምፁን ስትኮርጅ በጥፊ መታሁህ፤ «ምን አደረግሁ?» ብለህ ስታለቅስ አመሸህ። ምንም አላደረግህም ነበር ልጄ። ይቅር በለኝ።

እኔ 13 ዓመቴ፣ እሱ 5 ዓመቱ ነበር። ደርግ ነው ዘመኑ። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ፣ በደብተር፣ በወረፋ ነው፤ አንዳንድ ወር ወረፋው ብቻ ይደርሳል። ጥምቀት ደግሞ መጣ። ጎንደር ላይ ጥምቀት ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ነው። አያትህ የገናውን ቅርጫ ሞራ አንጥራ፣ ከቅዳሜ ገበያ ነጋዴ በስንት ልመና ኮስቲክ አግኝታ ሳሙና ሠራች። ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየት ያለበትን ሳሙና በጥቂት ቀን ውስጥ አጠብንበት። እጄ ተላጠ፤ ቀሚሳችን ግን ነጣ።

የሶዳ ውሃ ተርፎ ነበር። «ድፊው» አለችኝ። አሳሳኝ። በስንት ልመና የመጣ ነገር እንዴት ይደፋል አልሁ። የአምቦ ጠርሙስ አገኘሁ፣ ሞላሁት፣ በጨርቅ ወተፍሁት፣ ከእንስራው አጠገብ አስቀመጥሁት። ጠርሙሱን አሁንም አየዋለሁ። ውሃ ነው የሚመስለው። ከውሃ ምንም አይለይም።

ከተራ ዕለት ታቦቶቹን ሸኝተን ፋሲል መዋኛ ደርሰን ተመለስን። ከቀሃ ወንዝ የተጠለፈው ውሃ ገንዳውን ሞልቶት፣ ልጆቹ ዋርካው ሥር ላይ ተንጠልጥለው፣ አንተም የምታውቀው ነው። አጎትህን በእጄ ይዤው ነበር። ፀሐዩና አቧራው ጉሮሮውን አድርቆት «ውሃ፣ ውሃ» እያለ መጣ። ደጃፋችን ላይ ጓደኞቼ ጠሩኝ፤ ጠልሰሜን ሊያዩልኝ። እጁን ለቀቅሁት።

ጮኸ አልልህም። ድምፅ አልወጣውም። እንስራው ሲሰበር ነው የሰማነው።

አያትህ ያስመልሰው ብላ ጣቷን ከተተችበት። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረን ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ዳግም አቃጠለው። ይህን ያዝ፦ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ አፉን በውሃ አጥበህ በሩጫ ሐኪም ቤት ነው፤ አታስመልስ፣ ሎሚም ኮምጣጤም አትስጥ። ጉሮሮው ዳነ፤ ግን ሲድን ጠባሳው አጠበበው። ስንት ጊዜ በቱቦ እንዳሰፉለት ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

አባታችን ማታ ገብቶ «ማነው ያስቀመጠው?» አለ። እኔ ከመደቡ ጥግ ነበርሁ። አያትህ አየችኝ። «እኔ ነኝ፤ ዘነጋሁት» አለች።

ከዚያ ወዲያ 22 ዓመት ኖረች። ጎረቤት ሲነካካት ዝም፣ አባታችን በሆነው ባልሆነው ሲያነሣባት ዝም። እኔንም አንድ ቀን «አንቺ ነሽ» አላለችኝም። በተዝካሯ ዕለት አንዷ ሴትዮ «ልጇን በእጇ…» ስትል ከጀርባዋ ቆሜ ጠላ እቀዳ ነበር። ብርጭቆውን ሞላሁና አለፍሁ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው። አጎትህ እስከ ዛሬ አያውቅም። ለሰው ስነግር አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። የነገርሁህም ጨክኜ አይደለም፤ እህትህ ስትስቅ ሰምቼ ነው።

ኮስቲኩን መጀመሪያ በመጣበት ዕቃ፣ ካልሆነም ጥብቅ ክዳን ባለው ወፍራም ፕላስቲክ አስቀምጠው። «መርዝ» ብለህ በቀይ ጻፍበት። ግን 3 ዓመት ተኩሏ ልጅ ቀይ ጽሑፍ ምኗ ነው? ሳጥን ውስጥ አስገብተህ ቆልፈው፤ ቁልፉ አንተ ዘንድ ይሁን። ጠርሙስ የተባለ ነገር ውስጥ አታስገባው። ሃይላንድ ውስጥ አታስገባው። ስታማስል በር ዝጋ፣ መስኮት ክፈት። ሥራህን ስትጨርስም የልጅቷን እናት ጠርተህ የት እንዳስቀመጥኸው አሳያት፤ አትፈር።

በእህትህ እጅ የነጠረ ሞራ 3 ኪሎ፣ ዳቦ ቆሎና የአያትህን የሳሙና ሣጥን ልኬልሃለሁ። ሣጥኑ ዋንዛ ነው፤ ብራና መሳይ ወረቀት አንጥፍበት እንጂ በባዶው አታፍስስበት። አንዱ ጎኑ ላይ የቢላ ጭረት አለ፤ እሷ በየስንት ጣት እንደምትቆርጥ ምልክት ያደረገችው ነው፣ እንዳትፍቀው። ማሩን ሌላ ዕቃ ስለጠፋ በሃይላንድ ነው የላክሁት። አትሳቅ። ገልብጠውና ቁረጠው።

ከሳሙናህ አንዱን ለአጎትህ ሰጥቼው ነበር። አሸተተውና «እማዬ ጦስኝ አትጨምርበትም ነበር» አለ። ሌላ ምንም አላለም። በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይዞት ሄደ።

ለፋሲካ ትመጣለህ። ያን ጊዜ ልነግረው አስቤአለሁ፤ አንተ አጠገቤ ሁንልኝ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ሞራ ሳሙናም ይዘህለት ና፤ 6 ሳምንት የቆየ ይሁን፣ በምላስህ ጫፍ ነክተህ የራዲዮ ድንጋይ እንደሚነዝረው የማይነዝር።

ሃይላንዱን ደፍተሃል? ደፍተህ ደውልልኝ። ሳትደፋ እንዳትደውል።

እናትህ
ከጎንደር