ዝም አትበዪ፤ ለልጄ ከጎንደር

ይድረስ ለውድ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ስትከታተዪው የነበረው ልጅ ከሆስፒታል በወጣ በ9ኛው ቀን ራሱን እንዳጠፋ፣ አንቺም ከዚያ ወዲህ እህል እንደማትቀምሺና ማክሰኞ ለጀማሪዎቹ ሐኪሞች የምትሰጪውን ትምህርት ለሌላ ሰው ልተወው እንዳልሽ እህትሽ ነገረችኝ። ልጄ፣ ዝም አትበዪ።

ትምህርቱን አንቺው ስጪው። ታማሚ ከሆስፒታል የወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት እጅግ የሚያሰጉ ናቸውና ቀጠሮውን እንዳያርቁ፣ ቤተሰቡ የተባይ መድኃኒቱን ቆልፎ እንዲያስቀምጥ እንዲነግሩ፣ ሲጨንቀው ወደ ማን እንደሚሄድ ከታማሚው ጋር ሆነው በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ አስተምሪያቸው። ከሁሉ በፊት ግን፣ «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብለው በግልጽ መጠየቅን ይልመዱ። ጥያቄው ሐሳቡን በሰው ልብ አይዘራም፤ እኔ ግን ይዘራል ብዬ እፈራ ነበር።

ጤና መኮንን ሆኜ በገጠር ስሠራ የሞተውን ወጣት ነገር እናትሽ ነግራሻለች፤ ለእርሷም ያልነገርኳት አለ። «ልቤን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ» ሲለኝ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘሁት። በሩ ጋ ደርሶ ዘወር ብሎ አየኝ፤ ወረፋው ረጅም ነበርና ቀጣዩን ጠራሁ። በሳምንቱ መርዶው መጣ። ልቅሶ አልደረስኩም፤ ለሥራ ባልደረቦቼም ትንፍሽ አላልኩም። እናቱን ቅዳሜ ገበያ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር፤ አንድ ቀን ግን እርሷው ደረሰችብኝና «ደግነትህን ይነግረኝ ነበር፤ ምነው ለልቅሶው ጠፋህ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ፤ 31 ዓመት አለፈ፣ ዛሬም የለኝም።

አንቺ ግን ዝም አትበዪ። ዛሬውኑ ለኃላፊሽ ሐኪም ያደረብሽን ሁሉ ንገሪው፤ ቤተሰቡን እንዴት እንደምታጽናኑ አብራችሁ ምከሩ፤ መዝገቡንም ለመወቃቀስ ሳይሆን ለመማር አብራችሁ ተመልከቱት። በየዓመቱ ጳጉሜ 5 ቀን ራስን ማጥፋትን የመከላከል ቀን በዓለም ሲታሰብ፣ በዓመት ከ700,000 በላይ ሰው በዚህ እንደሚሞት ይነገራል፤ አንቺ ከእነርሱ አንዱን በስሙና በፈገግታው ታውቂዋለሽ፤ ሐዘንሽ የሐኪምነት ጉድለት አይደለም። የራስሽ ልብ ወደዚያ ጨለማ ቢያዘነብል ደግሞ፣ ሌሊት ነው ሳትዪ እህትሽን ቀስቅሺ፤ ለእኔም ደውዪ። ይህን ትእዛዝ አድርገሽ ያዢው።

በሶና ዳቦ ቆሎ ሐሙስ በሚመጣው የጎረቤታችን ልጅ እጅ ልኬልሻለሁ። እስከዚያው ምሳ ሳትቀምሺ የአዳር ተራ እንዳትገቢ። ማክሰኞ ትምህርቱ እንዳለቀ ደውዪልኝ፤ ስልኩን ከእጄ አላወጣውም።

አባትሽ