ውጅግራ ላላችሁ ወንድሞች

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ደብረ ብርሃን አንድ ወዳጄ ቤት የአያቱን ውጅግራ ጠመንጃ አገላብጬ አየሁት። ብረቱ በቅቤ ተወልውሎ ያበራል። ጥይቱን ሳየው ግን ደነገጥኩ፤ ቀለሁ አንገቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችው፣ በዚያ ላይ ከክላሽ ጥይት በተገለበጠ ባሩድ ተሞልቷል። እባካችሁ ይህን ነገር ተዉት! ይሄ ፈረንሳይ ሠራሽ ጠመንጃ፣ በእነሱ አቆጣጠር የ1874 ሞዴል ነው፤ የተሠራውም ለጥቁር ባሩድ ነው። እንደ ክላሹ ያለ የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ በዚያው ልክ ሲሞላበት ግፊቱ እጅግ ይበልጣል፣ መቀርቀሪያውን ሰብሮ ተኳሹን ፊቱ ላይ ሊመታው ይችላል። የተሰነጠቀ ቀለህ ጣሉ። ማን በምን እንደሞላው የማታውቁትን ጥይት ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ እንዳትተኩሱ። ወዳጄ ሰምቶኛል፤ ጠመንጃውን ባዶውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።