ጋራዥ ሲደርስ ደህና የሚሆን መኪና
የኤሌክትሪክና የጥገና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባት ዘገባ አብዛኛውን ጊዜ «ክበቡ በዓመቱ ውስጥ የሚከተሉትን ተግባራት አከናውኗል» ተብሎ ይጀመራል። የእኛ ክበብ በዕቅዱ ካሰፈራቸው ሰባት ተግባራት ያከናወነው ሁለቱን ብቻ ስለ ሆነ፣ በዚያ መንገድ ብጀምር ዘገባው ቶሎ ያልቅብኛል። የቀረውን ጊዜያችንን የወሰደችው የእኔዋ ቮልስ ናት። ርእሰ መምህራችን ይህን ሲያነቡ ቅር እንደማይላቸው ተስፋ አደርጋለሁ፤ እሳቸውም ሁለት ጊዜ ገፍተዋታል።

መኪናዋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 የተሠራች ናት። ሞተሯ ከኋላ፣ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ባለፈው መስከረም አንድ ክፉ ጠባይ አመጣች። አራት ኪሎ ላይ መብራት ይዞኝ ስቆም ሞተሩም፣ ጡሩምባውም፣ የዝናብ መጥረጊያውም በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላሉ። ቁልፉን ባዞር ምንም የለም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋብኛል፤ እኔ የምመልስበት ጡሩምባ እንኳን የለኝም። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ ወይም ደግ ሰዎች ወርደው ሲገፏት፣ ሁሉም ነገር ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ጋራዥ ስወስዳት ደግሞ እንደ ሰዓት ትሠራለች። «መምህር፣ ደህና ናት እኮ» ይሉኛል። በዚህ ዓይነት አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ ቀጥሎ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ገዛሁ። ሦስተኛው ምክር ዲናሞውን መቀየር ነበር። ኪሴ እምቢ ባይል ኖሮ ያንንም አደርገው ነበር።

ክበባችን ዓርብ ዓርብ በ9 ሰዓት ይሰበሰባል። አባላቱ አሥራ አራት ናቸው። ኅዳር ላይ መኪናዋ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትሞትብኝ አይተው «ለምን እኛ አንፈልገውም?» አሉ። ካለፈው ዓመት የተረፈው የሬዲዮ መቀበያ ከጩኸት በቀር ምንም አልሰጥ ብሎን ስለ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ሰበብ እየፈለግሁ ነበር።

የመጀመሪያው ችግር ቋንቋ ሆነ። ተማሪዎቹ በመማሪያ መጽሐፋቸው ያሉትን ቃላት ያውቃሉ፤ ጋራዥ ውስጥ ግን የሚነገረው ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ፣ ካቻቪቴ፣ ቡሎን፣ ፍሬቻ። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት እንደ ሆነ፣ ፍሬቻም ቀስት እንደ ሆነ ስነግራቸው ሳቁ። አንድ መካኒክ «ማሳው ይታይ» ብሎኝ እንደ ነበር ስናገር፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የእርሻ ማሳ መስሏት «ምን ተዘርቶበት?» አለች። ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነው። መኪና ላይ ወደ እያንዳንዱ አምፖል የሚሄደው አንድ ሽቦ ነው፤ መመለሻው ብረቱ ራሱ ነው። ያ መካኒክ ያን ቀን ያለውን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ዘገባ አጭር ይሆን ነበር።

ጸሐፊያችን፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የብልሽት መዝገብ አዘጋጀች። እያንዳንዱን መጥፋት ቀን፣ ቦታ፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ ሞተሩ መሞቁን፣ መኪናዋ መቆሟን ወይም መሄዷን እየጻፍሁ ዓርብ ማስረከብ ግዴታዬ ሆነ። የቤት ሥራ መስጠት እንጂ መቀበል አልለመድሁም። አንድ ዓርብ ረስቼ ብመጣ የተመለከተችኝን አመለካከት አልረሳውም። እስከ ገና ድረስ ዐሥራ አንድ መጥፋት ተመዘገበ። ዝናቡም ሙቀቱም አልተያያዘም። ዐሥራ አንዱም ግን መኪናዋ ቆማ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የደረሱ ናቸው። ራስ መኮንን ድልድይን አልፌ ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ አንድም ቀን ጠፍታ አታውቅም።

ይህ ትልቅ ፍንጭ ነበር፤ እኔ ግን በተሳሳተ መንገድ ተረጎምሁት። በዚያ ዘመን መኪና ላይ ያለው ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ይህ ነው የሚባል ኃይል አያመነጭም፤ ያን ጊዜ መኪናዋን የሚሸከመው ባትሪው ነው። ባትሪው አዲስ ነው፤ ስንለካው 12.6 ቮልት አገኘን፤ ይህ የሞላ ባትሪ ልክ ነው። ሞተሩ ሲጮህ 14 ቮልት ደረሰ። ፊውዞቹ ጋም ስንለካ ያው 12.6 ሆነ። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ «ጥፋተኛው ዲናሞ ነው» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩም አሰመርሁበት። ማንም ተማሪ አልተቃወመኝም፤ ይህ እስከ አሁን ያሳስበኛል።

ሐሳቤን ያፈረሰው መግፋት ነው። የካቲት ላይ አንድ ዓርብ ማታ በር ላይ ጠፋች፤ የመብራቱን ማብሪያ አላጠፋሁትም ነበር። ጥበቃችን ጋሼ፣ ድሮ ሹፌር የነበሩ ናቸው፣ «ግፉ እንጂ፣ ምን ታያላችሁ!» አሉ። ልጆቹ ከኋላ ተደገፉ። ገና ጎማው ግማሽ ዙር ሳይዞር አንዱ «ቁሙ!» ብሎ ጮኸ። ፊቱ ከኋላ መብራቱ አጠገብ ነበር። «በራ፤ ስንነቀንቃት በራ፤ ሞተሩ አልተነሣም» አለ። እንደገና አነቃነቋት፤ ቀዩ መብራት ጠፋ፤ ሲደግሙት በራ። ለአምስት ወራት ሞተሩን ያስነሣልኝ የመሰለኝ መገፋቱ አልነበረም፤ መንቀጥቀጡ ነበር። አንድ የላላ ነገር ሲናወጥ ይገናኛል፤ ሲቆም ይለያያል። ዲናሞ ቆሞ ሳለ መብራት ሊያበራ አይችልም። ወጣሁና በመዳፌ ግንባሬን መታሁ።

በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የኋላውን ወንበር አነሣን። ወርቅ ቀለበትና ሰዓት ወለቀ፤ ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እዚህ ላይ አንድ አሳፋሪ ነገር ልመዝግብ፦ ከተማሪዎቹ አንዱ መለኪያው በአምፔር መለኪያ ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ሳለ ጫፎቹን ከባትሪው ሁለት ጫፎች ጋር አገናኛቸው። የመለኪያው ፊውዝ ቷ ብሎ ተቃጠለ። አምፔር ሲለካ መለኪያው ራሱ እንደ ሽቦ ነው፤ ባትሪውን በቀጥታ አጋጨው ማለት ነው። ፊውዙን ቀየርንና ቀጠልን።

ከዚያ በፊት ሁሉም ነገር ጠፍቶ ስንለካ 12.6 ያገኘነው ለምን ነበር? መለኪያው የሚስበው ኃይል ከምንም የማይቆጠር ስለ ሆነ፣ በፀጉር የተያያዘ ግንኙነት እንኳን ለእሱ ይበቃል። ስለዚህ የፊት መብራቱን አብርተን፣ የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በተፋቀ የመኪናው ብረት ላይ አደረግን። ጤነኛ መመለሻ ላይ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት፤ ከ0.2 ቮልት ካለፈ ይጠረጠራል። መለኪያው 0.9 አለ። ከባትሪው ወደ ወለሉ የሚወርደውን የተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ ጫፍ በጣቴ ገፋ ሳደርገው 3 ቮልት አለፈና የፊት መብራቱ ደበዘዘ።

ቡሎኑ ጥብቅ ነበር። ለዚህ ነው ማንም ያልጠረጠረው። ባትሪው ላይ ያለውን ጫፍ እኔም መካኒኮቹም ስንት ጊዜ አጽድተነዋል፤ ወለሉ ላይ ያለውን ማንም አልነካውም። መጀመሪያ ኔጋቲቩን ከባትሪው ራስ አላቀቅን፣ ቁልፉ ብረት ቢነካ ብልጭታ እንዳይኖር። ከዚያ የወለሉን ቡሎን ፈታሁት። ከሥሩ ብረት ይታየኛል ብዬ ስጠብቅ የታየኝ ሰማያዊ ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ ጤናማ ሰማያዊ ቀለም። መኪናዋ ከእኔ በፊት ቀለም ስትቀባ፣ ቀቢው ሽቦውን ፈትቶ፣ ወለሉንም ቀብቶ፣ ሽቦውን በቀለሙ ላይ መልሶ አስሮታል። ኤሌክትሪኩ ለስንት ዓመት ያለፈው በቡሎኑ ጥርሶች ብቻ ነው፤ እነሱም ዝገው አለቁ። የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ ነበር።

ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ስንሠራ አንድ ደስ የሚል ክርክር ተነሣ። ሞተሪኖ ሲነሣ 150 አምፔር ይስባል እንበል፤ የግንኙነቱ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት መጠን፣ 0.05 ኦም ቢሆን የሚባክነው 7.5 ቮልት ነው አልሁ። ያ በር ላይ «ቁሙ» ያለው ልጅ እጁን አወጣ፦ «መምህር፣ ቮልቱ ከቀነሰ አምፔሩም ይቀንሳል እኮ።» ትክክል ነው። ሞተሪኖውን እንደ ተራ ሬዚስታንስ ቆጥረን ስንደግመው 94 አምፔር መጣ፤ ለሞተሪኖው የሚተርፈውም 8 ቮልት ገደማ። «ቀጭ» ብሎ ዝም ለማለት ይበቃዋል። ከኅዳር ወዲህ መምህሩን የተቃወመ የመጀመሪያው ተማሪ ስለ ሆነ የክበቡ ምክትል ሰብሳቢ አድርገን መረጥነው።

ወለሉን ብሩህ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግን፤ አዲስ ሽቦ አሰርን፤ እርጥበት እንዳይገባ ከላዩ ቫዝሊን ቀባን። ልኬቱ 0.03 ቮልት ሆነ።

መጋቢት ላይ የግራው የፊት መብራት ብቻ መርገብገብ ሲጀምር ልጆቹ እኔን ሳይጠብቁ ከፊውዞቹ ጀመሩ። የድሮ ቮልስ ፊውዞች በሁለት የነሐስ ጥፍሮች መካከል የሚያዙ ስለ ሆኑ ጥፍሮቹ ሲጠቁሩ ይታመማሉ፤ ነጮቹ 8፣ ቀዮቹ 16 አምፔር ናቸው። ጠራርገው መለሱት፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ሌላው ሥራችን፣ በወላጆች ቀን ከባለ 12 ቮልት አምፖልና ከሁለት ሽቦ የተሠሩ የመፈተሻ መብራቶችን ማሳየት፣ በሰላም አልፏል። ለቀጣዩ ዓመት የጠየቅነው አንድ ተጨማሪ መለኪያና አንድ ፓኬት የመለኪያ ፊውዝ ነው። ሬዲዮኑ አሁንም ይጮኻል።

መኪናዋ ከየካቲት ወዲህ አንድም ቀን አልጠፋችም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስመጣ ቁልቁለት ፈልጌ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ ነው የማቆማት። ጸሐፊያችን ይህንንም አይታ መዝገቡ ላይ አስፍራዋለች፤ «መንሥኤው አልታወቀም» በሚለው ዓምድ ሥር።