ቡቺን ከሸኘን በኋላ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። የውሻችንን የቡቺን ነገር በስልክ ስንጀምረው ወይ አንቺ ወይ እኔ እናለቅስና ወሬው ይቋረጣል። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ዓይንሽን ከደከመሽ ነገ ጨርሺው።

መጀመሪያ «ሲሞት ተሰቃየ ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አልተሰቃየም። የእንስሳት ሐኪሙ በመጀመሪያው መርፌ አደነዘዘው፤ ጭንቅላቱን እግሬ ላይ ጥሎ ማንኮራፋት ጀመረ። ሁለተኛውም ማደንዘዣ ነው፣ መጠኑ ብቻ ይበዛል። እንቅልፉ ይጠልቃል፣ ቀጥሎ ትንፋሹ ይቆማል፣ ከዚያ ልቡ። አንቺ ጓዳ ገብተሽ በሩን ዘግተሽ የቆየሽው ከዚያ ይረዝማል።

«የሰጠሁት ምግብ ይሆን የጎዳው?» ያልሽውንም ተዪው። ኩላሊት ተንኮለኛ ነው፤ ከግማሽ በላዩ እስኪደክም ምንም ምልክት አያሳይም። ውሃ ማብዛቱን፣ መክሳቱን፣ የአፉን ሽታ ስናስተውል አብዛኛው አልቆ ነበር። አባዬ በ2004 ዓ.ም. ያመጣው ውሻ፣ ያውም በሱሉልታ ብርድ፣ እስከ ዘንድሮ የቆየው ባንቺ ፍትፍት ነው። «ኃጢአት አይሆንብንም ወይ?» ላልሽው ንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፣ እኔ ቄስ አይደለሁም። ግን መጽሐፈ ምሳሌም ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ይናገራል። አንቺም የራራሽለት ይመስለኛል።

ጎረቤቶች «ገደል ጣሉት» ሲሉ እምቢ በማለትሽ ደስ ብሎኛል። ዕድሜውን ሙሉ ጅብ ሲያባርር ኖሮ እንዴት ለጅብ ይሰጣል? ጉድጓዱ እስከ ወገቤ ይደርሳል፣ ከላይም ትልልቅ ድንጋይ ደልድለንበታል። አያወጡትም። በየጠዋቱ እየሄድሽ አትፈትሺ።

ደግሞ «ውሻ ቤት አይገባም» የምትይው ሕግሽ! ቡና ሲቆላ የፊት እግሮቹን ብቻ ደፍ ላይ አድርጎ ፊት ፊትሽን ሲያይ ትዝ ይልሻል? አንዷን ጥፍር ካሳለፈ ትቆጪው ነበር። መጨረሻ ላይ ስመጣ ግን ሶፋው አጠገብ ጋቢ አንጥፈሽ አስተኝተሽዋል። ያውም የአባዬን ጋቢ! ምንም አላልኩም፣ ግን አይቻለሁ።

«ለውሻ ይለቀሳል እንዴ?» ላሉሽ ሰዎች ቡና አትንፈጊያቸው፣ መልስም አትስጪያቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ልጆችሽ ተማክረናል። ትልቁ ልጅሽ «እንግዲህ ውሻውም የለ፣ እማዬን ኮንዶሚኒየም እናምጣት» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። እኔ አልተስማማሁም። እውነቱን ልንገርሽ፣ «ቡቺን ለማን ጥዬ?» ስትይ ሰበብ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጎመንሽ እዚያ፣ እድርሽ እዚያ፣ ቤተ ክርስቲያንሽ እዚያ፣ አባዬም የተቀበረው እዚያ። አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለሽ ምን ልትሠሪ ነው? ቴሌቪዥን ልታዪ? ከእንግዲህ ሰበብ አያስፈልግሽም። አልመጣም ካልሽ አልመጣም ነው።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ለኪዳን በጨለማ ብቻሽን አትውጪ። ቡቺ እስከ ደጀ ሰላሙ ሸኝቶሽ፣ ጸሎት እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ ተኝቶ ይጠብቅሽ ነበር። እሱ እያለ እኛም አልሰጋንም። በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ጅብ እንደማይጠፋ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ወይ ከታችኛው ሰፈር ሴቶች ጋር ውጪ፣ ወይ ትንሽ ይንጋ። እግዚአብሔር ሲነጋም ይሰማል። ጉልበትሽም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም፤ ይህን ስልሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ።

ቡችላ እንሰጥሻለን ስላሉሽ ሰዎች፣ መልሱ ያንቺ ነው። ልብሽ ካልፈቀደ «ገና ነው» በያቸው። ከተቀበልሽ ግን ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን እኔ አስከትበዋለሁ፣ ከዚያ በየዓመቱ። የቡቺን ካርድ ሳየው አንድም ዓመት አልዘለልሽም። የእኛን የክትባት ካርድ እንኳን እንዲያ አድርገሽ የያዝሽው አይመስለኝም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። የግፊት ኪኒንሽ ስንት እንደቀረ ቆጥረሽ ንገሪኝ፣ ገዝቼ እመጣለሁ። ትልቁ ልጅሽ ስለ ኮንዶሚኒየሙ ከደወለልሽ ደግሞ «እህትህን ጠይቃት» እንዳትዪው። ራስሽ መልሺለት።

ልጅሽ